ወንፊትና መለያ ወረቀት፦ የአርኪዮሎጂና የቅርስ ሥራ ተለማማጅ ከምን ይጀምራል?

ድንቅነሽ (ሉሲ) ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ስለ መገኘቷ ሲነገር በመጀመሪያ የሚጠራው የዶናልድ ጆሃንሰን ስም ነው። በዚያ ዕለት ከእርሱ ጋር የነበረው ቶም ግሬይ ግን ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። ከዚያች ዕለት በኋላ ስላሉት ሳምንታት ደግሞ ጭራሽ ብዙ አይነገርም። የቡድኑ አባላት አጥንቱ የታየበትን ተዳፋት በክፍል በክፍል እየለዩ፣ አፈሩንና ጠጠሩን እየጠረጉ፣ በወንፊት እየነፉ በመቶ የሚቆጠሩ ስብርባሪዎችን ለቅመዋል። ከአንድ አፅም 40 በመቶ ያህሉ ሊሰበሰብ የቻለው በዚህ አሰልቺ ሥራ ነው።

በአርኪዮሎጂና በሥነ ሰብእ ጥናት፣ እንዲሁም ታሪክን በሙዚየም፣ በቤተ መዛግብትና በመታሰቢያ ሥፍራ ለሕዝብ በማቅረብ ሙያ መሰማራት የሚሹ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ በዓይነ ሕሊናቸው የሚታያቸው የግኝቱ ቅጽበት ነው። ለተግባር ልምምድ ሲመደቡ የሚሰጣቸው ግን ወንፊት፣ ብሩሽ፣ ከረጢትና የማይለቅ ቀለም ያለው ብዕር ይሆናል። አንዳንዱ ይህን እንደ ጉልበት ሥራ ቆጥሮ ያዝናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሙያው ሳይንስ የሚጀምረው በትክክል እዚያ፣ በከረጢቱ ላይ በሚጻፈው መለያ ወረቀት መሆኑን ማሳየት ነው።

ድንቅነሽ በመዝገብ ላይ ያላት ስም «ኤ.ኤል. 288-1» ነው። ፊደላቱ «አፋር ሎካሊቲ» የሚለውን ያመለክታሉ፤ ቁጥሩ ደግሞ በአካባቢው ከተመዘገቡት የግኝት ቦታዎች መካከል 288ኛው ላይ አንደኛ ተብሎ የተመዘገበ ናሙና መሆኗን ይገልጻል። ስሟ አድራሻዋ ነው ማለት ይቻላል። ይህ አድራሻ ቢጠፋ ምን ይቀር ነበር? አጥንቱ ይቀራል፤ ዕድሜው ግን ይጠፋል።

ምክንያቱን ፊዚክስ ያስረዳናል። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የምናውቀው የካርበን 14 መለኪያ ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ስለሆነ ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲያ የሚለካው ነገር አይተርፈውም። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጥንት ላይ ምንም አይፈይድም። በሐዳር ያገለገለው ከአጥንቱ በላይና በታች የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድና ዐለት ነው። በማዕድኑ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ቀስ በቀስ ወደ አርጎን 40 ይለወጣል፤ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ በነበረው ሙቀት ቀድሞ የተጠራቀመው አርጎን ስለሚወጣ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የሚለካው አመዱ ነው። የአጥንቱን ዕድሜ የምናውቀው ከአመዱ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን በመመለስ ብቻ ነው። ይህንን የሚመልሰው ቤተ ሙከራው ሳይሆን አጥንቱ በተነሣበት ደቂቃ የተጻፈው ማስታወሻ ነው።

አንድ የልምምድ ምሳሌ እንውሰድ። በቁፋሮ ቦታው አጠገብ ከፍታው የማይለወጥ አንድ የመነሻ ነጥብ ተተክሏል። የከፍታ መለኪያው መሣሪያ አግድም ተስተካክሎ ሲታይ በመነሻ ነጥቡ ላይ የቆመው ባለ ቁጥር ዘንግ 1.20 ሜትር ያነብባል። ዘንጉ አንድ የአጥንት ስባሪ ወዳለበት ቦታ ሲዛወር 1.84 ሜትር ይነበባል። ንባቡ ከፍ ባለ ቁጥር ቦታው ዝቅ ያለ ስለሆነ ስባሪው ከመነሻ ነጥቡ 0.64 ሜትር በታች ነው። በዚያው ጉድጓድ ከ0.52 እስከ 0.57 ሜትር አግድም የተዘረጋ የአመድ ንብርብር አለ እንበል፤ ዕድሜውም 100 ሺህ ዓመት ሆኖ ተለክቷል። ስባሪው ከአመዱ በታች ስለሆነ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። አሁን ተለማማጁ በድካም 0.64ን 0.46 ብሎ ጻፈ እንበል። ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋወጡ፤ አጥንቱ ከአመዱ በላይ ወጣ፤ ከ100 ሺህ ዓመት ያነሰ ዕድሜም ተሰጠው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ አልቋልና ተመልሶ የሚያየው የለም። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሙከራው ቢበላሽ ይደገማል፤ ቁፋሮ ግን የሚያጠናውን ነገር እያፈረሰ የሚያነብብ ሳይንስ ስለሆነ አይደገምም።

እንግዲህ ተለማማጁ በመስክ የሚሠራቸው ነገሮች ከዚህ አንጻር ሲታዩ ትርጉም ያገኛሉ። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የቦታው ስም፣ የካሬው ምልክት፣ የንብርብሩ ቁጥር፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑና የጻፈው ሰው ስም ይሰፍራል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች አንዱን መለያ ከረጢቱ ውስጥ፣ ሌላውን ውጪ ያደርጋሉ፤ የውጪው በፀሐይና በመፋተግ ይጠፋልና። የአፈሩ ቀለም «ቀላ ያለ» ተብሎ አይጻፍም፤ መንሴል በሚባለው የቀለም ሠንጠረዥ ተመሳክሮ ቁጥሩ ይጻፋል። ወንፊቱም የራሱ መረጃ አለው፤ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ወንፊት የአይጥን ጥርስ አሳልፎ ይጥላል፤ የአይጥ ጥርስ ደግሞ ስለ ጥንቱ የአየር ጠባይ ከዝሆን አጥንት የበለጠ ሊናገር ይችላል። በየትኛው ወንፊት እንደተነፋ ካልተጻፈ «አይጥ አልተገኘም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ዋጋ የለውም።

ተማሪዎች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ አንድ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ አለ። በአፋር ቆላ የመስክ ሥራ በአብዛኛው የሚካሄደው ሙቀቱ በሚበርድበት ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። ያ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚፋፋምበት ነው። በክረምቱ ዕረፍት፣ ተማሪው ነፃ በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ፣ መስኩ ባዶ ነው። በዚያ ወቅት ሥራ የሚኖረው በአዲስ አበባ ባለው የብሔራዊ ሙዚየም ቤተ ሙከራና የክምችት ክፍል ነው፤ ተመራማሪዎችም ስብስቦችን ለማጥናት በዚህ ጊዜ ይመጣሉ። «መስክ ካልሆነ አልፈልግም» የሚል ተማሪ በገዛ ምርጫው በሩን ይዘጋል። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ የክምችት ክፍሉ ይሻላል። በመስክ አንድ ወር የሚቆይ ሰው ጥቂት ቅሪተ አካላትን ያያል፤ በክምችት ክፍል ግን በአሥርት ዓመታት የተሰበሰቡትን በእጁ ይዞ ያወዳድራል፤ ዓይን የሚሠለጥነውም በማወዳደር ነው።

የአገራችን ዕውቅ ተመራማሪዎች መንገድም ይህንኑ ያሳያል። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ተመርቀው በቅርስ ጥናት መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ቆይተው ነው ወደ ከፍተኛ ትምህርት የተሻገሩት። በ1987 ዓ.ም. በአራሚስ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷን «አርዲ» የመጀመሪያ የእጅ አጥንት ስብርባሪ ሲያገኙ የበርክሌይ ተማሪ ነበሩ። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በበኩላቸው በጂኦሎጂ ተመርቀው በብሔራዊ ሙዚየም በጀማሪ ጂኦሎጂስትነት ሠርተዋል። አንዱ ከታሪክ፣ ሌላው ከሳይንስ ፋኩልቲ መጥተው ወደ አንድ ሙያ ደረሱ። በዘረሰናይ የሚመራው ቡድን በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በዲኪካ ያገኛት ሕፃን «ሰላም» በድንጋይ ተጣብቃ ስለነበር በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እየተፈለፈለች ነው ፊቷ የታየው። በሳይንሳዊ መጽሔት ይፋ የሆነችው በመስከረም 1999 ዓ.ም. ነው፤ ከአምስት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ሐዳር ላይም ድንቅነሽ ከመገኘቷ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ጥንታዊ መንጋጋዎችን ያገኙት አቶ ዓለማየሁ አስፋው የመንግሥትን የቅርስ መሥሪያ ቤት ወክለው ከቡድኑ ጋር የተጓዙ ባለሙያ ነበሩ። ይህ የወኪልነት ሥራ ጀማሪ ባለሙያ ከዓለም አቀፍ ቡድን ጋር በአንድ ድንኳን የሚከርምበት ዕድል ስለሆነ ሊናቅ አይገባም።

ሥራው በቁፋሮ ብቻ አይወሰንም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በቁፋሮ ወይም በግንባታ መሐል በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። መንገድና ግድብ በተሠራ ቁጥር ቅርስን አስቀድሞ የሚቃኝ ሰው ያስፈልጋል፤ ጂኦሎጂና የካርታ ሥራ የሚያውቅ ተመራቂ በዚህ በኩል ብልጫ አለው።

ታሪክን ለሕዝብ የማቅረብ ሥራም ከከረጢቱ ወረቀት የራቀ አይደለም። በብሔራዊ ሙዚየም ለዕይታ የቀረበችው ድንቅነሽ ቅጂ ናት፤ ዋናው አጥንት በጥበቃ ክፍል ይቀመጣል። «እውነተኛዋ ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ አይጠፋም። ቅጂ መሆኑን መደበቅ ጎብኚውን ማታለል ነው፤ «ቅጂ ነው» ብሎ ዝም ማለት ደግሞ ማሳዘን ነው። ጥሩ አስጎብኚ ቅጂው ከዋናው እንዴት እንደተቀረጸ፣ ዋናው ለምን እንደሚጠበቅ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስረዳል፤ ጎብኚውም ከዕይታው ይልቅ ያንን ማብራሪያ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደግሞ ጎብኚን ካስተናገዱት መካከል ያ መከራ በራሳቸው የደረሰባቸው ሰዎች ነበሩ። ወጣት ተለማማጅ እንደ እነርሱ ሊናገር አይችልም፤ መሞከርም የለበትም። ሊሠራ የሚችለው ቃላቸውን መቅዳት ነው። እዚህም ያው ሕግ ይሠራል፤ ማን ተናገረ፣ መቼ፣ የት፣ ማን ጠየቀ፣ ተናጋሪው ለምን ዓይነት አገልግሎት ፈቀደ? ይህ ያልተጻፈበት የድምፅ ቅጂ ንብርብሩ እንዳልታወቀ አጥንት ነው።

ስለ ክፍያ በግልጽ መነጋገር ይገባል። ልምምዱ ያለ ክፍያ ሊሆን ይችላል፤ በውጭ አገር የሚዘጋጁ የመስክ ትምህርት ቤቶች እንዲያውም ተማሪውን ያስከፍላሉ። ያለ ክፍያ መሥራት በራሱ በደል አይደለም፤ በደሉ ያለ ትምህርት ያለ ክፍያ መሥራት ነው። ሁለት ወር ደብዳቤ ሲያመላልስ ቆይቶ ማህተም ያለበት የምስክር ወረቀት ይዞ የሚመለስ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየሳምንቱ ሥራዬን ማን ያርምልኛል? በምዘግበው ላይ ስሜ ይሰፍራል? ስጨርስ ለሌላ አሠሪ የማሳየው ምን ይኖረኛል? ጥያቄውን በትሕትና ያቀረበ ተማሪን የሚቆጣ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚያስተምር ከቁጣው ይታወቃል።

በማመልከቻችሁም «ለታሪክ ያለኝ ፍቅር» እያላችሁ አትርዘሙ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ዳር የምትገኘውን መልካ ቁንጡሬን ጎብኙ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ስትሆን ክፍት የመስክ ሙዚየም አላት። ከመሬቱ ምንም ሳታነሡ፣ የሚታየውን አንዱን የንብርብር ግድግዳ በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ በልክ ሣሉት፤ ሚዛኑን፣ የሰሜንን አቅጣጫ፣ ቀኑንና ስማችሁን ጻፉበትና ከማመልከቻው ጋር አያይዙት።