ከግርግር የሸሸ ሁሉ ንቆን አይደለም



ባለፈው ዓመት በከተራ ዕለት ታቦታቱን አጅበን ወደ ጃን ሜዳ ስንወርድ፣ አብሮን ይዘምር የነበረ አንድ ወንድማችን ድንገት ሰልፉን ጥሎ ወጣ፡፡ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ከአንድ አጥር ሥር ተቀመጠ፡፡ አንዳንዶቻችን «ኮርቶ ነው» አልን፤ ሌሎቻችንም ወደ ሰልፉ ልንመልሰው እጁን ይዘን ጎተትነው፡፡ እርሱም አለቀሰ፡፡ ከዚያ በኋላ ሦስት ሰንበት ከመካከላችን ጠፋ፡፡

ቤቱ ሄደን በጠየቅነው ጊዜ፣ «ከበሮው፣ የድምፅ ማጉያው፣ እልልታው፣ ግፊያው፣ ፀሐዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ፡፡ ስትጠሩኝ እሰማለሁ፤ መልሱ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ» አለን፡፡ እኛም አፈርን፡፡ ስለሆነም ያን ጊዜ ያላወቅነውን ዛሬ ልንማማርበት ወደድን፡፡

ምክንያቱ ምንድን ነው?

አእምሮ በአምስቱ ሕዋሳት የሚገባውን ሁሉ እኩል አያስተናግድም፤ የሚያስፈልገውን ይመርጣል፣ የቀረውን ችላ ይላል፡፡ በገበያ መካከል ቆመን የጓደኛችንን ቃል ለይተን የምንሰማው በዚህ ነው፡፡ አንዳንድ ሰው ግን ይህን መለየት ይቸግረዋል፤ ሁሉም እኩል ይጮኽበታል፡፡ ያን ጊዜ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ያልበዋል፣ ንግግርም ይጠፋበታል፡፡ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካምና ጭንቀት ደግሞ ያብሱበታል፡፡

ይህ ሁኔታ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ በብዛት ይታያል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከኦቲዝም ምልክቶች መካከል ቆጥሮታል፡፡ ሆኖም ኦቲዝም በሌለበት ሰው ላይም ይደርሳልና ማናችንም ተነሥተን ለጓደኛችን የበሽታ ስም አናውጣለት፡፡

ምን እናድርግ?

ችግሩ የሚደርስበት ሰው፦
1ኛ/ ከበዓል በፊት በቂ ዕረፍት ያድርግ፡፡
2ኛ/ ከመሐል ይልቅ ዳር ይቁም፤ መውጫውንም አስቀድሞ ይወቅ፡፡
3ኛ/ የጆሮ መድፈኛ ይያዝ፡፡
4ኛ/ ሲጀምረው ሳይብስበት ወጣ ብሎ ቀስ እያለ ይተንፍስ፡፡
ነገሩ ከተደጋገመበት ወይም ከትምህርትና ከሥራ ካስቀረው ሐኪም ያማክር፡፡

እኛ ደግሞ፦
1ኛ/ አንጎትት፣ አንክበበው፣ በጥያቄም አናጣድፈው፡፡
2ኛ/ «ወጣ እንበል?» ብለን በአጭሩ እንጠይቅ፤ ራሱን ቢነቀንቅ ይበቃል፡፡
3ኛ/ ምልክትና መገናኛ ቦታ አስቀድመን እንስማማ፡፡
4ኛ/ ሲመለስ «የት ጠፋህ?» ብለን በሰው ፊት አናሳፍረው፡፡

ዘንድሮ በከተራ ያ ወንድማችን ከሰልፉ ዳር ቆመ፡፡ አንድ ጊዜ ምልክት ሰጥቶ ወጣ፤ አንዲት እህታችንም ውሃ ይዛ ዝም ብላ አጠገቡ ተቀመጠች፡፡ ጥቂት ቆይቶ ማንም ሳይጠራው ራሱ ተመለሰ፡፡

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ በየሠርጉ፣ በየአውቶቡሱና በየጉባኤው እንዲህ ያለ ሰው አጠገባችን ሊኖር ይችላል፡፡ መውጫ እንስጠው፤ መመለሻውንም አንዝጋበት፡፡