በቤዝቦል ከሁሉ የሚበልጠው ማነው? ቍጥር ሊፈርደው ስለሚችለውና ስለማይችለው

«ከሁሉ የሚበልጠው ተጫዋች ማነው?» የሚል ክርክር በተማሪ መኝታ ቤት የተነሣ እንደ ሆነ ሌሊቱ ይነጋል እንጂ ክርክሩ አያልቅም። አንዱ ያየውን ይመሰክራል፤ ሌላው ከታላቅ ወንድሙ የሰማውን ይናገራል፤ በመጨረሻ ድምፁ የጐላው ይረታል። አሜሪካኖች ግን ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታቸው ይህን ክርክር በቍጥር ለመቍረጥ ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል። የእስታቲስቲክ ትምህርት የሚከብዳቸው ጓደኞች ብዙ መሆናቸውን ስለምናውቅ (እኛም ከነርሱ አንለይም) ትምህርቱን በዚህ ጨዋታ ምሳሌነት ብንመረምረው ይቀል ይሆናል ብለን ይህን ጽሑፍ አቀረብን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። ገና የተጫወተ ሰው ኳስን በዱላ መምታት እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በቤዝቦል ግን መቺው አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከባላጋራው ወገን አንዱ ኳሱን በኀይል ይወረውርለታል። መቺው ኳሱን መትቶ ቤዝ ከሚባሉት አራት ማረፊያዎች ወደ መጀመሪያው በደኅና ከደረሰ ተሳካለት ይባላል፤ አራቱንም ዞሮ ሲጨርስ ለወገኑ አንድ ነጥብ ያገኛል። ኳሱን ከሜዳው አጥር አሻግሮ የሰደደው እንደ ሆነ ማንም ሳያግደው አራቱን ይዞራል፤ ይህም ሆም ራን ይባላል።

ጨዋታው ለቈጣሪ የተመቸበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። በእግር ኳስ 22 ሰዎች ባንድነት ስለሚሯሯጡ የአንዱን ሥራ ከሌላው መለየት ያስቸግራል። በቤዝቦል አንድ ወርዋሪና አንድ መቺ ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፤ የሆነውም ወዲያው ይጻፋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተወለደው ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ የየጨዋታውን ውጤት በሠንጠረዥ እንዲወጣ ካደረገ ወዲህ መዝገቡ እየሰፋ ሄደ እንጂ አልተቋረጠም።

ከመለኪያዎቹ ጥንታዊው የመምታት አማካይ ነው። ይኸውም የተሳካው ምት በሙከራው ብዛት ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ከ10 ጊዜ 3 ጊዜ የተሳካለት 0.300 ይባላል፤ እጅግም ይከበራል። (ከ10 ሰባቱን ስቶ የሚከበር ሰው በኛ ፈተና አዳራሽ እስካሁን አልታየም።) ታይ ኮብ ከ1905 እስከ 1928 ድረስ ተጫውቶ አማካዩ 0.367 ያህል ስለ ነበረ ብዙ ዘመን የመቺዎች ሁሉ አለቃ ሆኖ ኖረ።

ነገር ግን ቍጥርን ከዘመኑ ነጥሎ ማንበብ ያሳስታል። በ1930 ናሽናል ሊግ በሚባለው ማኅበር የነበሩት ተጫዋቾች፥ ደካማውም ብርቱውም ባንድነት ተደምረው፥ አማካያቸው 0.303 ነበረ። በ1968 ደግሞ በአሜሪካን ሊግ ካርል ያስትረምስኪ በ0.301 አንደኛ ወጣ። እንግዲህ ቍጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው የ1968ቱ አንደኛ ከ1930ው መካከለኛ ያነሰ ነው ሊል ነው። እንዲህ አይደለም። በ1968 ወርዋሪዎች እጅግ በርትተው ስለ ነበር መምታት ለሁሉም ከብዶ ነበረ፤ የጨዋታው ሹማምንትም በ1969 ወርዋሪው የሚቆምበትን ጕብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች ዝቅ አደረጉት። እኛ ተማሪዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የክፍሉ አማካይ 45 በሆነበት ፈተና 70 ያገኘና አማካዩ 78 በሆነበት 80 ያገኘ፥ ማን እንደሚበልጥ እናውቃለን።

ስለዚህ የዛሬ ሊቃውንት ተጫዋቹን በሌላ ዘመን ካለው ጋር ከማስተያየታቸው በፊት በገዛ ዘመኑ ከነበሩት ጋር ያመዛዝኑታል። የዘመኑን መካከለኛ መቺ 100 ብለው ከዚያ ምን ያህል እንደ ራቀ ይለካሉ። በዚህ መለኪያ ቤብ ሩት 206 ነው። ይህ ሰው በ1920 ብቻውን 54 ሆም ራን ሲመታ በዚያው ሊግ ከርሱ ቀጥሎ የነበረው ጆርጅ ሲስለር 19 መታ፤ በሊጉ ከነበሩት ሰባት ሌሎች ቡድኖችም አንዱ እንኳ በሙሉ ኀይሉ 54 አልደረሰም። ከዚያ በፊት ደግሞ ሩት ከምርጥ ወርዋሪዎች አንዱ ነበረ።

ሁለተኛው እርማት ስለ አማካዩ ስለ ራሱ ነው። ወርዋሪው አራት ጊዜ ከተወሰነው ስፍራ ውጭ የወረወረ እንደ ሆነ መቺው ዱላውን ሳያነሣ ወደ መጀመሪያው ቤዝ በነጻ ይሄዳል። ጥንታዊው አማካይ ይህን ትዕግሥት ከምንም አይቈጥረውም፤ ለወገኑ ግን ትልቅ ጥቅም ነው። ይህን የመሰለውን ስሕተት አጥብቆ ከነቀፉት አንዱ ቢል ጀምስ ነው። እርሱም በካንሳስ በባቄላ ቆርቆሮ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ሲሠራ ስሌቱን ጽፎ በ1977 እንደኛ መጽሔት ያለች ተራ ብዜት አድርጎ አወጣ፤ የገዙትም ጥቂቶች ነበሩ። በነጻ የሚሄደውንም ጨምሮ ሲቈጠር ቴድ ዊልያምስ 0.482 ሆኖ ይገኛል። ይኸውም የቃኘው ሻለቃ ወንድሞቻችን በዘመቱበት በኮሪያ ጦርነት አውሮፕላን ሲያበር፥ ቀድሞም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ ወደ አምስት የሚጠጋ የጨዋታ ዓመት አጥቶ ነው።

ሦስተኛው መለኪያ መምታቱን፥ መሮጡን፥ መከላከሉን ሁሉ ባንድ ያጠቃልላል፤ «ከምትክ በላይ ያስገኘው ድል» ልንለው እንችላለን። ተጫዋቹ ቢታመምና በርካሽ የሚገኝ ተራ ምትክ ቢገባ ቡድኑ ስንት ድል ያጣ ነበር? ብሎ ይጠይቃል። በዚህም ሩት በዕድሜው ሁሉ ከ180 በላይ፥ ባሪ ቦንድስ ከ160 በላይ፥ ዊሊ ሜይስ ከ150 በላይ ድል አስገኝተዋል። ቦንድስ በ762 ሆም ራን የሁሉ አንደኛ ቢሆንም የተከለከለ መድኃኒት ወስዷል የሚለው ጥርጣሬ ስላልለቀቀው በክብር አዳራሹ አልገባም፤ እኛም እዚህ ላይ አንቆይበትም።

እዚህ ድረስ ጓደኛችን «እንግዲህ ሩት አንደኛ ነው» ብሎ ደብተሩን ሊያጥፍ ይችላል። ጥቂት ይታገሠን። ሰውን ከዘመኑ ሰዎች ጋር እናመዛዝን ካልን የዘመኑ ሰዎች የተባሉት እነማን ናቸው? ሩት በተጫወተበት ዘመን ሁሉ በዋናዎቹ ሊጎች ጥቍር ተጫዋች አይገባም ነበር። በሕግ መጽሐፍ ሳይጻፍ በስምምነት ተከልክሎ ጃኪ ሮቢንሰን በሚያዝያ 1947 ለብሩክሊን እስከ ተሰለፈ ድረስ እንዲሁ ኖረ። ስለዚህ 100 የተባለው መካከለኛ ከአገሩ ሰው ሁሉ የተወሰደ ሳይሆን ከፊሉ በር ተዘግቶበት የተሰላ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የተሰላበት ሕዝብ ግን ጐደሎ ነው። ይህ የእስታቲስቲክ መምህሮቻችን ናሙና ሲያስተምሩን ደጋግመው የሚያስጠነቅቁን ነገር ነው።

በር የተዘጋባቸው በኔግሮ ሊግ ይጫወቱ ነበር። ከነርሱ ጆሽ ጊብሰን በሮቢንሰን ዓመት በጥር ወር በ35 ዓመቱ ሞተ፤ ሦስት ወር ቀረው። የዋናው ሊግ ሹማምንት ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የጥቍሮች ሊጎች እኩል ናቸው ብለው ያወጁት በታኅሣሥ 2020 ነው፤ ቍጥራቸውም በግንቦት 2024 በመዝገቡ ሲገባ የጊብሰን አማካይ 0.372 ሆኖ ታይ ኮብን ከአለቅነቱ አወረደው። አንዳንዶች ኮብ ከ11,000 በላይ ሲሞክር ጊብሰን የተመዘገበለት ሙከራ 2,000 ያህል ስለ ሆነ ልክ አይደለም ይላሉ። ጥቂት ሙከራ ያለው አማካይ ብዙ እንደሚዋዥቅ አንክድም። ሙከራው ያነሰው ግን ሰውዬው ስለ ሰነፈ አይደለም፤ የሊጉ ጨዋታ ጥቂት ስለ ነበረና ለዕለት ጕርስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የተጫወቱት ስለማይቈጠር ነው።

የኛ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ከዘመኑ ሰዎች በመራቅ ሩትን የሚያህል በዋናው ሊግ አልተገኘም። ዊሊ ሜይስ ግን በ17 ዓመቱ በጥቍሮቹ ሊግ ጀምሮ በ1951 ወደ ኒው ዮርክ ጃያንትስ ገብቶ፥ በሩ ከተከፈተ በኋላ ከመጡት ሁሉ ጋር ተጋጥሞ 660 ሆም ራን መታ፤ በመከላከልም 12 ጊዜ የወርቅ ጓንት ተሸለመ። እርሱን አንደኛ፥ ሩትን ሁለተኛ፥ ዊልያምስን ሦስተኛ አድርገናል። ጊብሰንን ከነዚህ በላይም በታችም አላስቀመጥነውም፤ ያልተፈቀዱለትን 9,000 ሙከራዎች በምን ስሌት እንሙላቸው? መንገዱን አገኘሁ የሚል ጓደኛ ካለ ጽፎ ያምጣልን፤ ለሚቀጥለው እትም እናባዛለታለን።