የአገርን ዜማ በፊልም ስለ መጠበቅ

በአዲስ አበባ የሚገኘው የወሎ ሰፈር ስም የወሎን አገር ያሳስባል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፥ ባቲና አምባሰል፥ የተጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ነው። ከዚሁ ሰፈር ሳይርቅ በካዛንቺስ አዝማሪዎች ማሲንቆ እየመቱ የሚያጫውቱባቸው ብዙ ቤቶች ነበሩ፤ ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ከተማው በአዲስ ሲሠራ ከሰፈሩ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ።

የድጓ ዜማ በብራና ላይ ምልክት ስላለው ተማሪ ከመምህሩ ቃል ጋር እያስተያየ ያጠናዋል። የአዝማሪና የላሊበላ ዜማ ግን መጽሐፍ የለውም፤ ማደሪያው የሰው አፍና የሰው ጆሮ ነው። ባለሞያው ያለ ተተኪ ሲሞት ዜማው አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ ዘጋቢ ፊልም ለእንዲህ ያለው ዜማ እንደ ብራና ሊሆንለት ይችላል።

ለዚህ ሥራ ምሳሌ የሚሆነው ኢትሱሺ ካዋሴ የተባለው ጃፓናዊ የባህል ተመራማሪ ነው። ይህ ሰው በጎንደር ከተማ ተቀምጦ፥ አማርኛም ተምሮ፥ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2005 ስለ ላሊበሎች፥ በ2006ም ስለ አዝማሪ ልጆች ፊልም ሠራ። ላሊበሎች ፀሐይ ሳትወጣ በየደጁ ቆመው ያለ መሣሪያ ይዘፍናሉ። አስቀድመው የባለቤቱን ስምና የቤተ ሰቡን ነገር ከጎረቤት ጠይቀው በግጥማቸው ውስጥ ያስገቡታል፤ ገንዘብ ወይም ምግብ ሲቀበሉም መርቀው ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳሉ። እንግዲህ ዜማውን ብቻ ቈርጦ የወሰደ ሰው ንጋቱን፥ ደጁን፥ ስጦታውንና ምርቃቱን ይተዋል፤ በእጁም የሚቀረው እኩሌታው ነው።

ዛሬ በእጅ ስልክም ፊልም ማንሣት ስለሚቻል፥ የመንደር መምህር ከሽማግሌዎች ጋር ተማክሮ ይህን ሥራ ሊጀምር ይችላል።

መጀመሪያ፥ ዘፋኙን ያስፈቅድ፤ ፊልሙ ለምን እንደሚሆንና ማን እንደሚያየው ይንገረው። እንዲህ ያሉ ባለሞያዎች በሰው ዘንድ ሲናቁ ኖረዋልና፥ እንቢ ቢል አያስገድደው።

ሁለተኛ፥ ዘፈኑን በሰዓቱና በቦታው፥ ከመነሻው እስከ ምርቃቱ ሳያቋርጥ ያንሣ፤ የአድማጩንም መልስ አይተው።

ሦስተኛ፥ ቀኑን፥ ቦታውንና ቅኝቱን ይጻፍ፤ የከበደውን ቃል ትርጓሜ ከሽማግሌዎች ይጠይቅ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ ፊልሙን በሁለት ቦታ ያኑር።

በመጨረሻ፥ የተሠራውን ለዘፋኙ ያሳየው፤ ዋጋ ቢገኝበትም ድርሻውን አያስቀርበት። ሞያው የዘፋኙ ነው፤ መምህሩም አደራ ጠባቂ ነው።