የባክቴሪያ ጂንና የሰው ጂን፦ ኢንሱሊን እንደ ምሳሌ

በፍሬሽማን ባዮሎጂ ብዙዎቻችንን የሚያምታታን ነጥብ አለ።

ባክቴሪያ ኒውክለስ የለውም፤ የጂኑ ቅጂ ተጽፎ ሳያልቅ ራይቦዞም ፕሮቲን መሥራት ይጀምራል። ተዛማጅ ጂኖችም በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሥር ይደረደራሉ፤ ይህ ኦፔሮን ይባላል። ለምሳሌ የኢ. ኮላይ ላክ ኦፔሮን ላክቶስን ለመጠቀም የሚያገለግሉ 3 ጂኖች አሉት።

አብዛኛው የሰው ጂን ግን በመሐሉ ኢንትሮን አለው። ቅጂው ከኒውክለስ ከመውጣቱ በፊት ኢንትሮኖቹ ተቆርጠው ይወጣሉ፤ ኤክሶኖቹ ይቀጣጠላሉ።

የኢንሱሊን ጂናችን 2 ኢንትሮን አለው። ባክቴሪያ እነዚህን መቁረጥ አይችልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 የሰውን ኢንሱሊን በኢ. ኮላይ ሲያመርቱ ኢንትሮን የሌላቸውን ጂኖች በላብራቶሪ ሠርተው አስገቡ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ልዩነቱን ለፈተና ብቻ አንሸምድደው፤ ለስኳር ሕመምተኛ መድኃኒት የተሠራው በዚሁ ዕውቀት ነው።