ዲኤንኤንና አርኤንኤን ምን ያመሳስላቸዋል?

ባለፈው የጥያቄና መልስ ውድድር 8ኛ «ለ»ን ወክዬ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ጥያቄ «ዲኤንኤንና አርኤንኤን የሚያመሳስሏቸውን ሁለት ነገሮች ጥቀስ» የሚል ነበር። እኔ ግን በደንብ ሳላዳምጥ ልዩነታቸውን ዘረዘርኩ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ፤ ክፍላችንም በ2 ነጥብ ተበለጠ። ከዚያ በኋላ መልሱን አጠናሁት። እናንተም እንዳትሸወዱ ይኸው፦

1ኛ. ሁለቱም ኒውክሊክ አሲድ ናቸው።

2ኛ. ሁለቱም የተሠሩት ኒውክሊዮታይድ ከሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ነው። ዶቃ በክር እንደሚሰካ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። እያንዳንዱ ኒውክሊዮታይድ ፎስፌት፣ ስኳርና ቤዝ አለው። የስኳራቸው ዓይነት ግን ትንሽ ይለያያል።

3ኛ. ከ4ቱ ቤዞች 3ቱ አንድ ናቸው፦ አዴኒን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን። 4ኛው በዲኤንኤ ታይሚን፣ በአርኤንኤ ዩራሲል ነው። እነሱም ቢሆኑ ሁለቱም የሚጣመሩት ከአዴኒን ጋር ነው። «ሰ» እና «ሠ»ን አስቡ፤ ሲጻፉ ይለያያሉ፣ ሲነበቡ ግን አንድ ናቸው።

4ኛ. ሁለቱም መረጃ ይይዛሉ። የእኛ የዘር መረጃ የሚቀመጠው በዲኤንኤ ነው። የኮሮና ቫይረስ ግን መረጃውን የሚይዘው በአርኤንኤ ነው።

ታዲያ መመሳሰላቸው ምን ይጠቅማል? ይህችን መጽሔት ተመልከቱ። ዋናዋ ከክበባችን ክፍል አትወጣም፤ የፈለገ ተማሪ የወደደውን ገጽ በደብተሩ ገልብጦ ይሄዳል። በሴል ኒውክለስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤም እንደዚያው ነው፤ እሱ እዚያው ይቀመጣል። የሚፈለገው ክፍል ብቻ በአርኤንኤ ተገልብጦ ወደ ራይቦዞም ይሄዳል፤ እዚያም በመልእክቱ መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። መገልበጥ የሚቻለው የሁለቱ ቤዞች እርስ በርስ መጣመር ስለሚችሉ ነው። ባይመሳሰሉ ኖሮ ዲኤንኤ የያዘው መልእክት ከኒውክለስ ሳይወጣ ይቀር ነበር።

እኔ በውድድሩ ላይ ዲኤንኤ ድርብ ሰንሰለት፣ አርኤንኤ አብዛኛውን ጊዜ ነጠላ ሰንሰለት ነው ብዬ ነበር። ውሸት አልተናገርኩም፤ ግን ያልተጠየቀ መልስ ነጥብ አያስገኝም።

እስኪ አሁን መጽሔቷን ዝጉና ሁለት መመሳሰያ ለጓደኛችሁ ንገሩ። ከቻላችሁ ከእኔ በልጣችኋል ማለት ነው። የ8ኛ «ለ» ልጆች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በሚቀጥለው ውድድር እንክሳለን።

መልካም ጥናት!