ለሚና ጨዋታ የሚሆን የእንፋሎት ዘመን ፈልሳፊ አፈጣጠርና አለባበስ

በእንግሊዝ ንግሥት በቪክቶሪያ ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም ከ1837 እስከ 1901 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ የእንፋሎት ኃይል ከባቡርና ከመርከብ አልፎ ለማሰብና ለመብረር ጭምር ቢያገለግል ኖሮ ዓለም ምን መልክ በያዘች ነበር ብሎ የሚጠይቀው የምናብ ጥበብ ስቲምፓንክ ይባላል፤ ስሙንም በ1987 ያወጣለት ደራሲው ኬ. ደብልዩ. ጄተር ነው። ከዚህ ጥበብ በተወለደ የሚና ጨዋታ ውስጥ ፈልሳፊ ሆኖ ለመጫወት የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከባርኔጣውና ከመነጽሩ ይጀምራል፤ እኔ ግን አስቀድሞ መሣሪያው፣ ከዚያ ሰውየው፣ በመጨረሻ ልብሱ ይበጅ እላለሁ፤ በልብሱ ላይ የሚታየው እድፍና ቃጠሎ ሁሉ ከመሣሪያው የሚመጣ ነውና።

ዓመትና ቦታ መምረጥ አያስቸግርም። የጨዋታው መሪ ካልወሰነ የ1851ዱ የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን ይበቃል፤ ጆሴፍ ፓክስተን በሃይድ ፓርክ ባነጸው የመስታወት አዳራሽ መግቢያው አንድ ሺሊንግ በሆነባቸው ቀኖች የፋብሪካ ሠራተኛውም መኳንንቱ ያዩትን መኪና ለማየት ስለ ቻለ፣ በዚያ ስፍራ ማንኛውም ገጸ ባሕርይ ከማንኛውም ጋር ቢገናኝ አያስደንቅም። ወደ አገራችን ታሪክ የቀረበ መነሻ የሚወድ ደግሞ በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የባቡር ሐዲድ መዘርጋቱን ያስብ፤ ከዚያ ሥራ የተመለሰ መሐንዲስ ብዙ የሚናገረው ይኖረዋል።

አስቸጋሪው ደረጃ መሣሪያውን መፍጠር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ፈልሳፊ የሚለው ስም ያጓጓልና፣ የሚበር፣ የሚተኩስ፣ የሚፈውስ፣ ምስጢርም የሚፈታ አንድ ሁሉን ቻይ መሣሪያ መፍጠር ያምራል። ነገር ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ ወደ ጨዋታው በገባ ጊዜ ሌሎቹ ተጫዋቾች ለሚይዙት ለሐኪሙ፣ ለወታደሩና ለሰላዩ የሚቀር ግብር አይኖርም፤ ባልንጀሮችህም ገና በመጀመሪያው ምሽት አንተን ከማየት በቀር የሚሠሩት ያጣሉ፤ የጨዋታው መሪም መሣሪያህን ለመስበር ሰበብ ሲፈልግ ያመሻል። ስለዚህ መሣሪያህ አንድ ነገር ብቻ ይሥራ። በወረቀትም ላይ ሦስት ነገር ጻፍ፦ ምን እንደሚሠራ፣ ሲሠራ ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደሚበላሽ። ሦስተኛውን ሳትጽፍ ወደሚቀጥለው ደረጃ እንዳትሻገር አደራ እላለሁ።

የዘመኑ እውነተኛ ታሪክ ለዚህ ሁነኛ አስተማሪ ነው። ቻርልስ ባቤጅ የሒሳብ ሰንጠረዥ በራሱ እያሰላ የሚያወጣ መኪና ለመሥራት ተነሥቶ መንግሥት ከ17 ሺህ ፓውንድ በላይ አውጥቶበት ሳለ፣ ናሱን ከሚቀርጽለት ባለሙያ ከጆሴፍ ክሌመንት ጋር በገንዘብ ምክንያት ስለ ተጣላ ሥራው በ1833 ቆመ፤ ክሌመንትም ሠራተኞቹን አሰናበተ። ባቤጅ በኋላ የነደፈው ሁለተኛው መኪና ግን በ1991 በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ተሠርቶ በትክክል አሰላ፤ ስለዚህ ንድፉ ሕፀፅ እንዳልነበረበት ታወቀ። አንተም የፈልሳፊህን ችግር ከገንዘብ፣ ከጠብ፣ ከከሰልና ከውሃ አምጣው። ለምሳሌ ከክሌመንት የተሰናበተ አንድ የቶርኖ ሠራተኛ፣ በማታ እየሠራ፣ በቁልፍ ሰሌዳው የተመታለትን ፊደል ወደ ስውር ጽሕፈት የሚለውጥ ትንሽ የእንፋሎት መኪና አበጀ እንበል፤ መኪናው እስኪግል ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፣ ጭሱ የተደበቀበትን ቤት ያሳብቃል፣ ከአንድ ገጽ በላይ ሲጽፍም አንዱ ጥርሳም መዘውር ይነክሳል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ በር የሚጠብቀው ወታደሩ፣ ጎረቤቱን በወሬ የሚይዘውም ሰላዩ ነው።

ሰውየው ከዚህ በኋላ በራሱ ይመጣል፤ የፈጠራ መብት ለማስመዝገብ በ1852 ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ከመቶ ፓውንድ በላይ ይጠይቅ ስለ ነበረ፣ ገንዘብ የሚሰጠው ባለጸጋ መፈለጉ ብቻ ለጨዋታው በቂ ምክንያት ነው።

ወደ አልባሳቱ ስንመጣ፣ በ1857 ሮበርት ሃውሌት ያነሣውን የመሐንዲሱን የኢሳምባርድ ብሩኔልን ፎቶግራፍ ተመልከት፤ ከግዙፍ ሰንሰለት ፊት ቆሞ ረጅም ባርኔጣ ደፍቷል፣ ሲጋር ነክሷል፣ እጆቹን ኪሱ ከትቷል፣ ሱሪውና ጫማው ግን ጭቃ ነክቷቸዋል። ሸሚዝ፣ ሰደርያ፣ ክራቫትና ጥቁር ኮት ከልባሽ ጨርቅ ተራ ይገኛሉ፤ ሸሚዙን ጠንካራ ሻይ ውስጥ ዘፍዝፈህ አጥበው፣ የቆዳ ሽርጥ ጨምርበት። እድፉ ግን ሥራ በሚነካው ቦታ ብቻ ይሁን፤ በቶርኖ ሠራተኛ ላይ በቀኝ እጅጌውና በሽርጡ ወገብ ላይ፣ እሳት በሚቆሰቁስ ላይ በጉልበቱ። ሥራ የሌለው ጥርሳም መዘውር በባርኔጣ ላይ መለጠፍን እኔ አልወድም፤ መዘውር ካለ የሚያዞረው ሌላ መዘውር ከጎኑ ይኑር።

ፕላስቲኩን ናስ ማስመሰል ትዕግሥት ይሻል። አስቀድመህ በሳሙና እጠበው፤ የተወለወለ ፕላስቲክ ቀለም አይዝምና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈትገው፤ ከዚያ ሁለመናውን ጥቁር ቀባው፣ ሌሊቱንም ተወው። በማግስቱ ብሩሽህን የናስ መልክ ባለው ቀለም ነክረህ፣ ቀለሙ ሊያልቅ እስኪደርስ በጨርቅ ላይ ጥረገውና፣ እጅ በሚነካቸው ጠርዞችና ጉብታዎች ላይ ብቻ አሳልፈው፤ ጥቁሩ በስንጥቁ ውስጥ ይቅር። የእኔ አቋራጭ ቡናማ የጫማ ቀለም ነው፤ በብሎኖቹ ዙሪያ አሽተህ ወዲያው በጨርቅ ብትጠርገው የብዙ ዓመት ዝገትና ቅባት ይመስላል።

በዋዜማው ሁሉን ለብሰህ ደረጃ ውጣ፣ ተቀመጥ፣ ጎንበስ ብለህ ከመሬት አንድ ነገር አንሣ፤ የላላውን ስፌት በዚያው ምሽት አጥብቀው፣ መነጽሩም ጭጋግ ከያዘ በጎኑ ትንንሽ ቀዳዳ ብሳለት። የጦር መሣሪያ የሚመስል ነገር ካለህ ግን ከቤት ሳትወጣ ለጨዋታው መሪ አሳውቅ፤ በመንገድም ላይ በጨርቅ ጠቅልለህ ያዘው።