እርጥብ ኮሎዲዮን በቆላ፦ የመተማ ሙቀት፣ የተነሺው የቆዳ ቀለምና የሰሌዳው ባለቤትነት

እ.ኤ.አ. በ1851 ይፋ የሆነው የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ በቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ወደ ቁም ፎቶግራፍ ተመልሷል። ዘዴው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1868 በዋይት ደሴት ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን ያነሣችው በዚሁ ዘዴ ነበር፤ ልዑሉ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ይህ ጽሑፍ ዘዴው ዛሬ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ቢሠራበት የሚገጥመውን ይመረምራል።

የመጀመሪያው ችግር ሙቀት ነው። ኮሎዲዮን በኤተርና በአልኮል የሟሟ ናይትሮሴሉሎስ ሲሆን ኤተር በ34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። በመተማ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ሰሌዳው ደግሞ ኮሎዲዮን ከፈሰሰበት ጀምሮ በብር ናይትሬት ተነክሮ፣ ምስል ተነሥቶበትና በፌረስ ሰልፌት ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ መድረቅ የለበትም። የጥንት ባለሙያዎች በሞቃት አገር ኤተሩን ቀንሰው አልኮሉን ይጨምሩ፣ ምስል ማውጫውንም በአሴቲክ አሲድ ያዘገዩት ነበር። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የሚከማች የኤተር ትነት ግን በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ ሥራው ንጋት ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ችግር ከሙቀቱ ይልቅ ይከብዳል። ኮሎዲዮን የሚያየው ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃንን ብቻ ነው። ቀይ ዳማም ሆነ ጠይም ቆዳ ሰማያዊ ብርሃን የሚመልሰው በጥቂቱ ስለሆነ ዓይን ከሚያየው ጠቁሮ ይወጣል። ጊዜው በነጠላው ንጣት ከተመጠነ የፊት ዝርዝር ይጠፋል፤ ስለዚህ መመጠን ያለበት በፊት ነው፣ ነጠላው ቢነጣ እንኳ። ይህን ያልተረዳ አንሺ የሚያገኘውን ጥቁረት «የጥንት ውበት» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ የቆላውን ሰው ግን መልኩን ያሳጣዋል።

በዚህ ረገድ የጋምቢያ ዝርያ ያላት እንግሊዛዊት ካዲጃ ሳዬ ሥራ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በቬኒስ ቢየናሌ የዲያስፖራ ድንኳን የታዩት ቲንታይፖቿ፣ ማለትም በጠቆረ ቀጭን ብረት ላይ የወጡ ምስሎቿ፣ ራሷን ያነሣችባቸው ናቸው። አንሺዋም ተነሺዋም እርሷ ነበረች፤ ዓለማየሁ ይህ ዕድል አልነበረውም።

ቲንታይፕ ኔጋቲቭ የለውም፣ ቅጂም አይወጣለትም። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ የወረደ የቀን ሠራተኛ ለብዙ ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ ቢነሣና ሰሌዳው ወደ ዐውደ ርእይ ቢሄድ፣ በእጁ የሚቀር ነገር የለም። አንሺው በአንድ ቁጭታ ሁለት ሰሌዳ ማዘጋጀትና አንዱን ቀብቶ፣ አድርቆ ለተነሺው መስጠት ይኖርበታል።